መዝሙሩ ሲዘመር የተቀመጥኩበት ቀን

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በዞኑ የትምህርት ቤቶች ውድድር ለመሮጥ ከሞርሲቶ ወደ ሆሳዕና ሄድኩ። ወንዶቹ ሯጮች ከዋዜማው በመኪና ተወስደው አልጋ ተይዞላቸዋል። እኛን አራት ሴቶች ግን መኪናው ሞልቷል ብለው ተዉን። በውድድሩ ቀን ማልደን ተነሳንና ግማሹን መንገድ በእግር፣ ግማሹን በጋሪ ተጉዘን ደረስን።

በአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ሁለተኛ ወጣሁ። ለሽልማት ተሰልፈን ብሔራዊ መዝሙሩ ሲጀመር እጄን ደረቴ ላይ ማድረግ አቃተኝ። ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። አስቤበት አልነበረም፤ እልህ ነው የያዘኝ።

ሰኞ አባቴን ይዤ የትምህርት ቤቱ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። አባቴ ገበሬ ነው፤ አማርኛ ብዙም አይችልም። በሀዲይኛ የጠየቀውን ይቅርታ እኔው ራሴ አንገቴን ደፍቼ ተረጎምኩለት። አንዱ መምህር ባንዲራ ደፍራለችና ለዓመት ትታገድ አለ። ሌሎቹም የተስማሙ መሰሉ። የኮሚቴው አባል የነበሩት የታሪክ መምህራችን ያኔ ተናገሩ።

"እኔ በዕድሜዬ ሦስት የሀገር መዝሙር ዘምሬያለሁ" አሉ። "በሁለተኛው፣ በደርግ ጊዜ የክፍል አለቃ ነበርኩ። አንድ ጓደኛዬ ሳይዘምር ቆመ፤ ስሙን ጽፌ ሰጠሁ። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። ለምን እንዳልዘመረ ማንም አልጠየቀውም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ይህችን ልጅ እንኳ እንጠይቃት።"

ጠየቁኝ፤ እንዴት እንደመጣን ነገርኳቸው። ዳይሬክተሩ ይህን አልሰማም ነበር። በማስጠንቀቂያ ታለፍኩ፤ ሜዳሊያውን ግን አላገኘሁም። በዓመቱ እኛ ሴቶችም በመኪና ሄድን። መዝሙሩ ሲዘመር ቆሜ ዘመርኩ።

ዛሬ እኔም ሆሳዕና ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ያም ሆኖ ያ የተጻፈ ስም ለዓመታት ከውስጤ አልወጣም። እኔን ያዳነ ሰው እንዴት ጓደኛውን አሳልፎ ይሰጣል እያልኩ እታዘባቸው ነበር። መምህሬ ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤታቸው ሄጄ ይህንኑ በግልጽ ጠየቅኳቸው። አልተቆጡም።

"አባቴ ታስሮ ነበር" አሉኝ። "ስሙን ባልጽፍ እኔም የምያዝ መስሎኝ ፈራሁ። ይህን የምነግርሽ ጥፋቴን እንድትሰርዢልኝ አይደለም። ጥፋት ነው። ግን ፍርሃቱን ሳታውቂ ብትፈርጂ ግማሹን ብቻ ነው ያወቅሽው።"

ጓደኛቸውን ቆይተው ሌሞ ወረዳ ውስጥ ፈልገው አግኝተውታል፤ ይቅርታም ጠይቀውታል። ይቅር ማለት ሦስት ዓመት እንደፈጀበት ምንም ሳይደብቁ ነገሩኝ።

ተማሪዎቼ ያለፈውን ዘመን ሰው ቶሎ ጀግና ወይም ፈሪ ሲሉት፣ በዚያ ቀን ምን ያውቅ ነበር፣ ምንስ ያሰጋው ነበር ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ በባልደረቦቻቸው ፊት የገዛ ጥፋታቸውን ከተናገሩ ሰው ነው። ያን ዕለት ይህንንም ነግሬያቸው አመሰገንኳቸው። እስከ በሩ ሸኙኝና የዘንድሮ ልጆች እንዴት እንደሆኑ ጠየቁኝ።