በሲኒማው ደጅ የተሰቀለችው ዱዋን

ሳንጋት የሲኒማ ሠዓሊ ነበር። በሜኮንግ ወንዝ ዳር ያለችው ከተማ አንድ ሲኒማ ቤት ብቻ ነው ያላት። ፊልም በተለወጠ ቁጥር የደጁን ትልቅ ሸራ በኖራ አንጥቶ አዲስ ሥዕል የሚስልበት እሱ ነው። ፊልሙን ግን አይቶ አያውቅም። «እኔ የማየው መንገደኛውን ነው» ይላል ደረቱን ነፍቶ።

እውነትም ሰው ያውቃል። ለአንዱ ፊልም ሦስት ሥዕል ይሠራል፤ ሩዝ ጫኞች ለሚውሉበት ወደብ ሽጉጥና እሳት፣ ለገበያው በር የምታለቅስ ሙሽራ፣ ለትምህርት ቤቱ አጥር ጥርሱ የገጠጠ አስቂኝ ሎሌ። ሙሽራዋ ፊልሙ ውስጥ ባትኖርስ? ከፍሎ ከገባ በኋላ ማን ይጠይቀዋል!

የጎን ሥራው የሟች ፊት መሳል ነው። በቀብር ቀን ከሣጥኑ ፊት የሚቆመውን ሥዕል ከጉርድ ፎቶ አይቶ አጉልቶ ይስላል። በዝናቡ ወራት በወባ የሞተችውን ዱዋንንም የሳላት እሱ ነው። እናቷ ላምያይ ገበያው በር ላይ ሙዝ እየጠበሰች ትሸጣለች። ከዱዋን ሌላ ልጅ አልነበራትም።

ከዚያ የመንፈስ ፊልም መጣ። «ሰው የሚያስቆም ፊት አምጣልኝ» አለው የሲኒማው ባለቤት። ሳንጋት አሰበ። የማያውቀውን ፊት ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ የት እንዳየው ያልታወሰው ፊት ግን ያስቆመዋል። የዱዋን ጉርድ ፎቶ መሳቢያው ውስጥ ቀርቶ ነበር። ፀጉሯን በተነ፤ በአፏ ጥግ ደም አወረደ፤ ዓይኖቿን ግን መንገደኛውን እንዲያዩ እንደነበሩ ተዋቸው። እዚያ ላይ እጁ ከበደው። እጁ ከራሱ ከሳንጋት ይልቅ ጨዋ ነበር። ማን ያውቃታል ብሎ ቀጠለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ሲኒማው ጢም አለ። «አንተ እኮ ሰይጣን ነህ!» ብሎ ባለቤቱ ትከሻውን ሲመታው፣ ሳንጋት ሳቀ።

በስድስተኛው ቀን ደጁ ላይ ብሩሽ ሲያጥብ፣ ላምያይ ከሲኒማው ስትወጣ አያት። ለስድብ ተዘጋጅቶ ተነሣ።

«ሳንጋት ልጄ፣ ዱዋንን የት ላይ ነው የሚያሳዩዋት?»

«እ?»

«ሦስቴ ገባሁ እኮ! ውጭ አለች፤ ውስጥ ግን አጣኋት። እንዳታመልጠኝ ብዬ ዓይኔን እንኳ አልከደንኩም።»

«ደሙስ... አልከፋሽም አክስቴ?»

«ቀለም አይደል እንዴ? ዓይኗ የራሷ ነው።»

የትኛውንም ውሸት ብትሰማ ታምነው ነበር። ሳንጋት አፈረ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። በቀለም የተበከለ እጁን ከኋላው ደበቀ።

«ውስጥ የለችም፣ አክስቴ። እኔ ነኝ ያመጣኋት። ሰው እንዲገባ ብዬ።»

ላምያይ ሸራውን ቀና ብላ አየችው።

«እኔም ገባሁልህ» አለችው፣ ያለ ቁጣ። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለው ነበር።

ማግስቱ ሸራው በኖራ የሚነጣበት ቀን ነው። ሳንጋት ባልዲውን ይዞ ሲመጣ፣ ላምያይ ምድጃዋን ከገበያው በር ነቅላ ከሥዕሉ ፊት ለፊት ተክላዋለች።

«እዚህ ይሻለኛል» አለችው፣ ሙዝ እያገላበጠች።

መሰላሉን ወጣ። መጀመሪያ ደሙን አጠበላት። ከዚያ ወዲያ ኖራውን ለመቀባት እጁ አልታዘዘውም።