ራሔል የጾመችበት ቀይ ኮከብ

ትናንት፣ የፍልሰታ የመጀመሪያ ቀን፣ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ባለው ቤቴ ሽሮ ሳማስል ስልኬ ጮኸ። ታናሽ እህቴ ትዕግስት ናት። የምትኖረው ወደ ሰሜን ዋልታ በተጠጋ አገር ነው፤ በበጋቸው ፀሐይ መጥለቅ ትረሳለች።

«እትዬ፣ ይቺ ፀሐይ ካናቴ አልወርድም ብላለች። ልብላ ወይስ ልጠብቅ?»

በየዓመቱ ይህንኑ ትጠይቃለች። እስከ አምና ድረስ መልሱን የምትሰጣት እናታችን ነበረች፤ ነፍሷን ይማርና።

ነገሩ የቆየ ነው። አባታችን ኤርፖርት ጭነት ክፍል ሥራ አግኝቶ ኢምባካሲ የሚባለው የናይሮቢ ሰፈር የገባን ጊዜ እኔ አሥራ አምስት፣ ትዕግስት ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። የናይሮቢ ነሐሴ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሰማዩ አመድ የተነፋበት ይመስላል። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ተከናንበን የሥዕል ታሪክ እንሠራ ነበር። እሷ ትስላለች፤ እኔ ንግግሩን እጽፋለሁ። ራሔል የምትባል ልጅ ክንፍ ባወጣ ማታቱ፣ በናይሮቢ ሚኒባስ ታክሲ፣ ተሳፍራ ወደ ቀይ ኮከብ ትሄዳለች። ረዳቱ ሮቦት ነው፤ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ናይሮቢ ረዳቶች በስዋሂሊ «ቤባ፣ ቤባ! ኮከብ አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል።

ያን ጊዜ ጾም ላይ ጥብቅ ነበርኩ፤ ከቄሱም ሳልብስ አልቀርም። ፍልሰታ ስለነበር ራሔልም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጹም ብዬ ጻፍኩ። ትዕግስት ግን የኮከቡን ፀሐይ በምሰሶ ጫፍ ላይ፣ ያውም በማይጠፋ እስክሪብቶ፣ ቸንክራት ኖሯል። እዚያ ሁልጊዜ ቀትር ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት አይደርስም።

በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እናታችን ምሳ አቀረበች። ትዕግስት እጇን ሰበሰበች።

«ራሔል ሳትበላ አልበላም።»

«ራሔል እኮ ወረቀት ናት!»

«ያስጾምሻት አንቺ ነሽ።»

ገጹን ልቀደው ስል ደብተሩ ላይ ተኛችበት። አሥር ሰዓት አለፈ፤ አሥራ አንድም አለፈ። ከንፈሯ ደረቀ፤ ፊቷ ገረጣ።

«እባክሽ ያቺን ልጅ ጽፈሽ አብያት!» አለችኝ እናቴ። «ይቺ የኔዋ ልትወድቅብኝ ነው።»

«ጾም ላስፈታት እንዴ፣ እማዬ?»

«እኔ ምን አውቄ! የላክሻት አንቺ። እናት የላትም እንዴ፣ ሰዓቱን የሚነግራት?»

እዚያው ላይ ብዕሬን አነሳሁ። የሮቦቱ ሬዲዮ ተንሿሿና ከኢምባካሲ አንድ ድምፅ መጣ፤ «ራሔል፣ እቤት ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ብይ ልጄ።»

ትዕግስት ደጋግማ አነበበችው። «ማን ነው የሚያወራው?»

«እናቷ።»

«እናቷ ካለች እሺ።» መጀመሪያ ለራሔል በሮቦቱ መዳፍ ላይ እንጀራ ሳለችላት። ከዚያ የራሷን በላች፤ የኔንም ጨመረች።

ትናንት ሽሮዬን አወረድኩና አፍንጫዬን ይዤ፣ እንደ ሬዲዮ፣ «ትዕግስት፣ እቤት ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ብይ ልጄ» አልኳት።



«ማን ነው የሚያወራው?»

«እናትሽ» ልል ብዬ ተውኩት። «ከቤት ነው» አልኳት።

«ከቤት ከሆነ እሺ» አለች፤ ሳህን ሲንኳኳ ተሰማኝ። እኔም አማትቤ ወደ ማዕዴ ቀረብኩ።