ኩርታን የሌላት አህያ

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። ይህን ተረት ስሰማ ነው ያደግኩት። ባሌ በገዛ ሳሎኔ፣ በገዛ ፍራሼ ላይ ተጋድሞ እስኪያሳየኝ ድረስ ግን ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁንም ሳወራው ደሜ ይፈላል።

ባሌ የግብረገብ መምህር ነው። እኔ ጭሮ ገበያ ዳር ጨርቅ እሸጣለሁ። ቅዳሜ ከዙሁር ሰላት በኋላ ወንዶቹ ጫት ሊቅሙ እኛ ቤት በርጫ ይቀመጣሉ፤ ሳሎናችን ሰፊ ነዋ። እኔም ሱቁን ለእህቴ ትቼ ፍራሽ አነጥፋለሁ፣ ውሃ አቀርባለሁ። ጭንቁ ውሃው ነው። ቧንቧችን ከደረቀ ከርሟል፣ ጫት የሚቅም ሰው ደግሞ ውሃ አይበቃውም። ውሃችንን የምታመጣልን አንዲት ግራጫ አህያ ነበረች፤ የአንድ ጆሮዋ ጫፍ የተቆረጠ። ጄሪካኖቹ ሲወርዱላት ከበራችን ሥር ቆማ ወንዶቹ የጣሉትን የጫት ገራባ ትበላለች። በዚያ ቆራጣ ጆሮዋ ዝንቧን እያባረረች፣ ቀስ ብላ፣ እንደ እንግዳ ነበር የምትበላው።

ባለቤቷ እኛው ጋ የሚቅሙ አንድ ሐጂ ናቸው። ውሃ የሚያመላልሱ በርከት ያሉ አህዮች አሏቸው፣ አህዮቹን የሚነዳላቸው ጎልማሳ ሠራተኛም አለ። የተከበሩ ሰው ናቸው፣ እኔም አከብራቸው ነበር።

የዚያን ቅዳሜ ወሬያቸው ራሱ ስለ እንስሳ ነበር። ያመጣው ባሌ ነው። «እንስሳ ሲሰቃይ እኛ ምን ግዴታ አለብን?» አለ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያደርገው ጣቱን ቀስሮ። ጠበቃ ጓደኛው ጫቱን ጎረስ አድርጎ መለሰለት። «ግዴታ የሌለበት ፍጡር መብትም የለውም። አህያ ስትከስ አይተህ ታውቃለህ?» ባሌ ደግሞ መለኪያው ሕመም ነው እንጂ ሕግ አይደለም፣ የሚታመም ሁሉ ይቆጠራል አለ። ሐጂ ጫታቸውን እየቀነጠሱ፣ «እንስሳ አማና ነው፤ አላህ የሰጠን አደራ። ስለ አደራው እንጠየቃለን» አሉ። ምን ልዋሽ፣ ከጓዳ ሆኜ ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። የኔ ቤት ቁም ነገር የሚወራበት ቤት ነው ብዬ ኮራሁ።

በዚህ መሀል ሠራተኛው በባጃጅ መጣ። ሁለት ጄሪካን አወረደና ኩርታኑን በረንዳዬ ላይ ወርወር አደረገው። ያ የምታውቁት የአህያ መጫኛ፣ በጭድ የተሞላው። ገና ከጀርባዋ ላብ እርጥብ ነበር።

«አህያዋስ?» አልኩት።

«አይሱዙ ገጫት። ከገለምሶ ጫት ጭኖ ሲከንፍ። ዞሮም አላያት። የኋላ እግሮቿ እንክት ብለዋል። ለሐጂ ስደውልላቸው ኩርታኑን ፍታና ተዋት አሉኝ።»

እዚህ አገር አህያ አይገደልም። ኃጢአት ነው የሚል አለ፣ ነውር ነው የሚል አለ። ስታረጅ ወይም ስትሰበር ኩርታኗን አውርደው ይሄዳሉ። ኩርታን የሌላት አህያ ባለቤት የላትም። ሲመሽ ጅቡ ከተራራው ይወርዳል፣ ጠዋት የሚጠይቅ የለም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ሁላችንም በዚያ መንገድ እናልፋለን።

ለወንዶቹ ውሃውን አቀረብኩና በዚያው ባጃጅ ወረድኩ። ከአስፋልቱ ጠርዝ ተኝታለች። በፊት እግሮቿ ልትነሳ ትሞክራለች፣ ወገቧ አይታዘዝላትም፣ ትወድቃለች። እንደገና ትሞክራለች። አፏ አፈር ለብሷል። ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። «አይዞሽ» ስላት ድምፄን አወቀችው መሰለኝ፣ ያን ቆራጣ ጆሮዋን አቆመች። ገራባ ያመጣሁላት መስሏት ይሆናል። አለቀስኩ፣ አዎ፣ ለአህያ አለቀስኩ፤ የሚስቅ ይሳቅ።

አንድ የማውቀው የእንስሳት ሐኪም አለ፣ ሚስቱ ደንበኛዬ ናት። ደወልኩለት። «እትዬ፣ በመርፌ ላሳርፋት እችላለሁ፣ አሁኑኑ እመጣለሁ» አለኝ። «ግን ባለቤቷ እዚያው ቆሞ እሺ ይበለኝ። ባለፈው የአንድ ሰው በሬ አሳርፌ ማን ፈቀደልህ ተብዬ ያየሁትን መከራ እኔ ነኝ የማውቀው።»

የአስር ሰላት እየደረሰ ነው። መግሪብ ላይ፣ ፀሐይ ስትገባ፣ ጅቡ ይወርዳል። ባለቤቷ ደግሞ የኔ ፍራሽ ላይ ተጋድመዋል። በዚያው ባጃጅ እየበረርኩ ተመለስኩ።

«ሐጂ፣ አህያዎ ሳትሞት ከነነፍሷ በጅብ ልትበላ ነው። ሐኪሙ እሺታዎን ብቻ ነው የሚፈልገው። በስልክም ሳይሆን ቆመው። ባጃጅ በር ላይ አለ።»

«ኢንተላ ቲያ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ሲያባብሉኝ እንደዚያ ነው የሚሉኝ። «ኩርታኗን አውርጄላታለሁ። ከእንግዲህ የአላህ ናት። ነፍስ እንዲጠፋ እሺ አልልም።»

«ቅድም አማና ናት አላሉም እንዴ!»

«አማናውን መለስኩ።»

እንዲህ ብለው ጫታቸውን ቀነጠሱ። እኔ ባሌን አየሁት። አንድ ቃል ተናገር፣ አንድ! ቅድም ሕመም ነው መለኪያው ያልክ ሰውዬ! ባሌ ዓይኑ በራ። የምርቃና ብርሃን ነው። «ቆይ ቆይ» አለ፣ «ይሄ እኮ ግሩም ጥያቄ ነው! ባለቤትነት ሲወርድ ግዴታውም አብሮ ይወርዳል ወይ?» ጠበቃው «ይወርዳል እንጂ!» አለ። ባሌ አይወርድም አለ። ከዚያ መርፌው ግድያ ነው ምሕረት ወደሚለው ገቡ። ከዚያ ዝም ማለት ራሱ ድርጊት ነው አይደለም ወደሚለው። ሐጂን «ተነሱ» ማለት ፈራ፤ ስለዚህ መርህን ይደበድባል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

«ይሄ የምትጠጡት ውሃ» አልኩ፣ «እሷ የተሸከመችው ነው። ለእናንተ ስታመጣ ነው የተሰበረችው።»

ጠበቃው ብርጭቆውን አስቀመጠ። አፈረ ብዬ ነበር። ትንሽ ቆይቶ አንስቶ ጠጣ።

ባሌ በዚያ በለዘበ የመምህር ድምፁ፣ «ስሜትሽ ይገባኛል» አለኝ። «ግን ስሜት መርህ አይሆንም።»

ስሜት! እርር ድብን አልኩ። መንገድ ዳር አፈር እየላሰች ያለችው ስሜት ናት? ወጣሁ፣ ኩርታኑን ከበረንዳው አነሳሁ። ባጃጁ ጠብቆ ጠብቆ ሄዷል። ስለዚህ ኩርታኑን ጀርባዬ ላይ አዝዬ በዋናው መንገድ ወረድኩ፣ ነጠላዬ አንድ ወገን እየተጎተተ። ባጃጅ ነጂዎቹ አዩኝ። አንዱ አንገቱን አውጥቶ «እትዬ፣ ማን ጫነሽ?» አለኝ።

«ባሌ!» ብዬ ጮህኩበት። ሳቃቸው እስከ መታጠፊያው ተከተለኝ።

ሐኪሙ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። አህያዋ መነሳቱን ትታለች፣ ሆዷ ብቻ ይነሳል ይወድቃል። ሐኪሙ ግራ ቀኙን አየና «ባለቤቷስ?» አለኝ።

ኩርታኑን ቀስ አድርጌ ጀርባዋ ላይ አኖርኩት።

«እኔ ነኝ። ኩርታኗን አታይም? የኔ ናት፣ እሺ ብያለሁ፣ ውጋት።»

መርፌውን ከቦርሳው አወጣ። ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ ቢስሚላህ አልኩ። ጆሮዋ እጄ ውስጥ ቀስ ብሎ ዛለ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። ጅቡ ማታ መምጣቱ አይቀርም፣ ይምጣ። የሚያገኘው ሥጋ ብቻ ነው።

ኩርታኑን እንደገና አዝዬ ስገባ አሁንም እዚያው ጥያቄ ላይ ነበሩ። ልብሴ ላይ አፈርና አረፋ አለ። ባሌ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ ወላሂ አልዋሽም፣ «በየትኛው መርህ ነው ያደረግሽው?» አለኝ።

«ጅብ ይመጣል በሚለው» አልኩት።

ሐጂ ለመግሪብ ሰላት ተነሱ። ጫማቸውን ሲያጠልቁ በር ሥር ያስቀመጥኩትን ኩርታን አዩት። ምንም እንዳልሆነ ሁሉ እጃቸውን ዘረጉ።

«ኢንተላ ቲያ፣ ኩርታኔን አቀብይኝ። ለሌላዋ ይሆናል።»

«ሐጂ» አልኳቸው፣ «ኩርታኑ የእርስዎ ከሆነ አህያዋም የእርስዎ ነበረች።»

እጃቸው ባለበት ቀረ። ጠበቃው ጫማውን መፈለግ ጀመረ። ባሌ የወደቀውን ገራባ ይለቅም ጀመር። ሐጂ እጃቸውን ሰብስበው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በርጫው ሌላ ሰው ቤት ነው፤ ውሃ የሚያቀርበው ማን እንደሆነ አላውቅም።

ኩርታኑን ሳሎን ውስጥ፣ ከባሌ መቀመጫ በላይ ሚስማር መትቼ ሰቀልኩት። ይሸታል፣ አውርጂው ይለኛል። ባለቤቱ ይምጣና ያውርደው እለዋለሁ።