ስለ እግር የተቀዳው ድምፅ

ዝናብ ቆርቆሮው ላይ መውረድ ሲጀምር ቀረጻ ይቆማል። ቦንጋ ላይ ደግሞ ዝናብ የማይጥልበት ቀን ጥቂት ነው። ተመራማሪዎቹ ግድግዳው ላይ ስፖንጅ በተለጠፈበት ጠባብ ክፍል ተቀምጠው ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃሉ፤ እኔም መወልወያዬን ይዤ ኮሪደሩ ላይ እጠብቃለሁ። በዩኒቨርሲቲው የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው።

እዚያ ክፍል ውስጥ የሚሠሩትን ፖድካስት ይሉታል። የሚያጠኑትን ነገር ለማንኛውም ሰው በሚገባ አማርኛ ያወራሉ፣ ይቀዳል፣ ከዚያ ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል። አንዱ ስለ ንብ፣ ሌላው ስለ እንሰት ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ችግራቸው እንግሊዝኛው ነው፤ ሳያስቡት ይገባባቸዋል። ያን ጊዜ ድምፅ የሚቀዳው ባለሙያ ያስቆማቸዋል። “ዶክተር፣ ይህችን ቃል እናቴ ብትሰማ የሰደቧት ነው የሚመስላት” ይላል።

አንድ ቀን የእግር እብጠት የሚያጠኑት ዶክተር ጠሩኝ። ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ ሴት ናቸው።

“ነይ ቁጭ በይ። ለሰው ከመልቀቃችን በፊት አንቺ ስሚልን። ያልገባሽ ቦታ ላይ እጅሽን አንሺ።”

“እሷ እጅ ልታነሳ?” አለ ባለሙያው። “ሰላም ስንላት እንኳ ለመወልወያዋ ነው የምትመልሰው።”

አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ።

የዶክተሯ ድምፅ ቀስ ያለ ነበር። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም አሉ። ሰው በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ ሲሄድ የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ በቆዳው ይገባና እግሩን ያሳብጠዋል። ምልክቱ መጀመሪያ የሚታየው ጣቶቹ አካባቢ ነው፤ ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ ጣቶቹ ይወፍራሉ። እግሩን በሳሙናና በውሃ እየታጠበ ጫማ የሚያደርግ ሰው ይከላከለዋል። ለታመመውም ቢሆን ይሄው ይረዳዋል።

ሁሉም ገባኝ። እናቴ ዝሆኔ አለባት።

እናቴ ያደገችው ከሺሺንዳ ወዲያ ባለ ገጠር ነው። ቦንጋ መጥታ ጫማ መግዛት በቻለችበት ጊዜ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባላትም። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ግራ እግሯ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ነው። እባብ የሞተበት መሬት ረግጣ ነው ይባል ነበር። ዕድር ላይ ዳር ትቀመጣለች፤ የጠጣችበትን ኩባያ ለብቻው ያስቀምጡታል፤ እሷም እንዳላየች ትሆናለች።

በዚያ ሰሞን ለታላቅ እህቴ ሽማግሌ ሊላክ ነበር። ልጁ ቦንጋ ውስጥ አናጢ ነው፤ ቤተሰቦቹ የሚኖሩት ራቅ ብሎ ደካ ነው። እናታችንን አይተዋት አያውቁም። እኛ ቤት የተወሰነው እናቴ ጓዳ እንድትቆይና አክስቴ በእናት ቦታ እንድትቀመጥ ነበር። ሐሳቡን ያመጣችው ራሷ እናቴ ናት። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ቢያውቁም ልጅቷን አይመልሷትም አለች።

ድምፁ ቀጠለ። “በባዶ እግሩ የሄደ ሁሉ አይታመምም። በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ እግር በዚህ አፈር በቀላሉ የሚጎዳበት ተፈጥሮ አለ፤ እሱ ይወረሳል።”

እዚህ ላይ እጄን አነሳሁ።

“አልገባሽም?” አሉ ዶክተሯ።

“ገብቶኛል።”

“ታዲያ ምንድነው?”

“ይህችን ቃል ከመሃል ቢያወጧት።”

ማዳመጫውን ከጆሮዬ አነሱልኝ። ለምን እንደሆነ ሦስት አራት ጊዜ ጠየቁኝ። በመጨረሻ እናቴን ነገርኳቸው፤ ስለ ሽማግሌዎቹም ነገርኳቸው። ባለሙያው ስልኩን አንስቶ ወደ ውጭ ወጣ፤ የደወለለት ሰው አልነበረም።

ዶክተሯ ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። “ባወጣው ደስ ባለኝ። ግን ሰው ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ሲታመም በዓይኑ ያያል። እኔ ይህን ከደበቅሁ፣ አይተላለፍም ያልኩትንም አያምነኝም።”

“ሰው ከእንዲህ ዓይነት ቤት ልጅ አይወሰድም ይላል” አልኳቸው። “የሚጠይቀው እሱን ነው። መልስ አልሰጡበትም።”

ባለሙያውን ጠሩትና ማይኩን አስከፈቱት። ከወረቀት ሳያነቡ እንዲህ አሉ። “እናቷ የታመመች ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በጫማ ካደገችና እግሯን በደንብ ከጠበቀች ይህ በሽታ አይይዛትም። እሷን ማግባት የሚያስፈራ ነገር የለውም።” ከዚያ እኔን አዩኝ። “ይበቃል?”

“ይበቃል” አልኩ።

“ድምፅ አላት ለካ” አለ ባለሙያው፤ ግን እንደ ወትሮው አልሳቀም።

ዶክተሯ እናቴን እግር ወደሚታጠብበትና ወደሚታሰርበት ጤና ጣቢያ ላኩልኝ። እዚያ ሰፊ ጫማ በልኳ አሠሩላት። ፖድካስቱ የተለቀቀ ዕለት ስልኬን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አማርኛው ስለሚፈጥንባት እያቆምኩ በቋንቋችን፣ በካፊኖኖ ነገርኳት። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ይወረሳል የሚለው ጋ ስደርስ ላልፈው ፈልጌ ነበር፤ ቢሆንም አልዘለልኩትም። እህቴ የራሷን እግሮች ዝቅ ብላ አየች። እናቴ የመጨረሻውን ክፍል ደጋግማ አሰማችኝና፣

“አክስትሽ ቦታዬ ላይ አትቀመጥም” አለች።

“እማዬ፣ በሬዲዮ ወሬ ሠርጌን ልታፈርሺው ነው?” አለች እህቴ።

“ሬዲዮ አይደለም” አልኩ።

“አንቺ ዝም በይ። ዕድሜሽን ሙሉ ዝም ብለሽ ዛሬ ምን አናገረሽ?”

እስከ እሑድ አላናገረችኝም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። የልጁ አክስትም አብረው መጥተው ነበር። እናቴ ታጥባ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ያን ሰፊ ጫማ አድርጋ በእናት ቦታ ተቀምጣለች። ሽማግሌዎቹ ጫማውን አይተው ወዲያው ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ስለ መንገዱና ስለ ዝናቡ ተወራ። ሰው ሁሉ የመጣበትን ነገር ለመጀመር ሌላውን ይጠብቅ ነበር።

የልጁ አክስት ናቸው የጀመሩት። “ያን የስልክ ንግግር ባጃጅ ውስጥ ሰምቼዋለሁ” አሉ። “አይጋባም ተብሏል። ይወረሳልም ተብሏል። ምልክቱ ከጣት ነው የሚጀምረው አሉ። እንግዲህ የልጅቷን እግር ልየው።”

“ይሄ ደግሞ የማን ሥርዓት ነው?” አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

“እንድናውቅ ብለው አይደል የነገሩን? ልወቅ።”

 እህቴ ጫማዋን አወለቀች። ሴትዮዋ ዝቅ ብለው ጣቶቿን አንድ በአንድ እየለያዩ አዩ፤ ገበያ ላይ ዕቃ እንደሚመርጥ ሰው። በየቡና ቤቱና በየመንገዱ ስንት ሰው ያን ድምፅ እየሰማ ምን እያደረገበት ይሆን ብዬ አሰብኩ። ዶክተሯ ያንን ሁሉ ያሉት ሰው የራሱን እግር እንዲያይ ነበር። እህቴ ጣሪያውን እያየች ነበር።

“ንጹሕ ነው” አሉ ሴትዮዋ።

እናቴ ያን ጊዜ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች። ከዚያ የታሰረበትን ፋሻ ፈታች። ማንም እንድትፈታ አልጠየቃትም። እኔ እንኳ እግሯን እንዲያ በሰው ፊት አይቼው አላውቅም። ወደ ሴትዮዋ አቀረበችውና በካፊኖኖ፣

“የልጄን በእጅሽ አየሽው፤ የእኔንም በእጅሽ እይው” አለች። “አይጋባም የሚለውንም ሰምተሻል።”

የሴትዮዋ እጅ አየር ላይ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ወለሉን ያያሉ። እህቴ ዓይኗን ከጣሪያው አወረደች።  ከዚያ እጃቸው ወረደና እናቴ እግር ላይ አረፈ፤ አሻሸው አይባልም፣ ዝም ብሎ አረፈ።

“ያምሻል?” አሉ።

“አሁን ይሻላል” አለች እናቴ።

አንደኛው ሽማግሌ የመጡበትን ተናገሩ፤ በቤተሰባችን ስም አጎቴ መለሰ፤ የሠርጉ ቀን ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተስማሙ። እህቴ ጫማዋን ያደረገችው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ምግብ ሲቀርብ ማስታጠቢያውን ይዤ የዞርኩት እኔ ነበርኩ። ሴትዮዋ ጋ ስደርስ ውሃውን እያፈሰስኩ የእናቴን እግር የነካውን እጃቸውን እያየሁ ነበር። እንደ ሌላው ሰው ታጠቡ፤ ከሌላው ሰው አብልጠው አልፈተጉም። ከዚያ ወደ እናቴ አለፍኩ።