አቶ ሽብልቅና የተነቀሉት ሽብልቆች

የትምህርት ቤቱን አናጢ ትክክለኛ ስም የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ፣ ከርዕሰ መምህሩ እስከ አንደኛ ክፍል ውሪ ድረስ፣ “አቶ ሽብልቅ” ነው የሚለው። ሰውዬው ምስማር አያምንም። የአግዳሚ ወንበሩን እግር ከመቀመጫው ጋር የሚያያይዘው ጣት በምታህል የእንጨት ሽብልቅ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ሰክቶ በመዶሻ ሁለቴ ጠቅ ካደረጋት በኋላ አስር ጎረምሳ ቢጨፍርበት ንቅንቅ አይልም።

ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ልጁን ለብቻው ነው ያሳደጋት። እዚያው ሰባተኛ ክፍል ትማራለች። ምላሷ የሰላ ነው፤ በውጭ ቋንቋማ መምህሯን ራሱን ታስንቃለች። ከትምህርት መልስ ሽብልቆቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጋ የምታለሰልስለት እሷ ናት። ልጆቹ በተጣፈ ሹራቧ ሲያሾፉባት መልሷ አንድ ነው፦ “የተቀመጣችሁበትን የሠራው አባቴ ነው። አንድ ቀን ጥሏችሁ ያውቃል?” አፋቸውን ታስይዛቸዋለች። አባትየው ይህን በሰማ ቁጥር ደስ ይለዋል፤ ወዲያው ደግሞ ያፍራል። የሚያሳፍር ሥራ ነበረበት።

ትምህርት ቤቱ ያለው ጎብኚዎች ወደ ፏፏቴው በሚያልፉበት መንገድ ዳር ነው። አስጎብኚው በየወሩ አንድ መኪና ሙሉ እንግዳ ይዞ ይመጣል፤ ትምህርት ቤት ማየት ከጉዞው ፕሮግራም አንዱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሲመጡ ክፍሉ ጽድት ብሎ፣ ወንበሩ ተደርድሮ ጠበቃቸው። “በጣም ያምራል” ብለው፣ ከረሜላ አድለው ሄዱ። ርዕሰ መምህሩ ብልጥ ነው፤ ነገሩ ቶሎ ገባው። በሚቀጥለው ወር ደህና ደህናውን ወንበር እቃ ቤት አስቆለፈበት፣ የመስኮቱን መስታወት አስወልቆ ካርቶን አስለጠፈ፣ አንደኛ ክፍሎችንም ጫማ አስወለቃቸው። ብዙ ሳይቆይ የውሃ ታንከር በስጦታ መጣ። ከዚያ በኋላማ ማን ያቆመዋል!

አቶ ሽብልቅም የድርሻው ደረሰው። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ግቢው ጭር ሲል፣ ከአንደኛ ክፍል የፊት ረድፍ ወንበሮች ላይ ሽብልቅ ይነቅላል። አግዳሚው ያዘነብላል፣ ያቃስታል፣ ግን አይወድቅም፤ ቀለል ቀለል ያሉት ልጆች ተመርጠው፣ እንዳይንቀሳቀሱ ተመክረው ይቀመጡበታል። እንግዳው ሲሄድ እያንዳንዷን ሽብልቅ ወደ ቀዳዳዋ ይመልሳል። መጀመሪያ ላይ እምቢ ብሎ ነበር።

“ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስጠግን የኖርኩትን በገዛ እጄ ላፍርሰው?”

“አንተ ሰውዬ፣ ለልጆቹ ብለን እኮ ነው” አለው ርዕሰ መምህሩ። “ያንተም ልጅ እዚሁ ናት። ደግሞ ሌላ አናጢ ማምጣት አያቅተኝም።”

“እሺ ይሁን። ልጄ ግን እንዳትሰማ።”

“ከእኔ አፍ አትሰማም።”

ቃሉንም ጠበቀ። በኋላ የመጣው ጉድ ሁሉ የመጣው ርዕሰ መምህሩ ይህችን ቃል ሳያጥፍ ነው።

አንድ ሰኞ አስጎብኚው ጉንጩ በጥርስ ሕመም አብጦ፣ በሻርፕ ተጠቅልሎ መጣ። ማስተርጎሙ ቀርቶ “እህ” ማለት አልቻለም። ርዕሰ መምህሩ ሳያመነታ የአናጢውን ልጅ ከሰባተኛ ክፍል አስጠራት። አቶ ሽብልቅ ይህን ሲሰማ መሄጃ አጣ። እንዳይቀር፣ ልጁ በባዕድ ሰዎች ፊት ስትናገር ማየት አማረው፤ እንዳይመጣ፣ የተነቀሉት ሽብልቆች የጋዋኑ ኪስ ውስጥ ናቸው። አምሮቱ አሸነፈውና መጥቶ ካርቶን ያልተለጠፈበት መስኮት ላይ ቆመ።

ከእንግዶቹ መሃል አንዲት ግዙፍ ሴት ነበረች። በአገሯ ሠላሳ ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምራ ጡረታ የወጣች መሆኗን ልጅቷ አስተረጎመች። ሴትዮዋ ሕፃናቱን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ “ጠጋ በሉልኝ” ብላ ከፊት ረድፍ አብራቸው ቁጭ አለች። ርዕሰ መምህሩ ያላሰበው ነገር አልነበረም፤ ካርቶኑን አስቧል፣ ጫማውን አስቧል። እንግዳ ይቀመጣል ብሎ ግን አላሰበም።

አግዳሚው ከነሴትዮዋ ተንኮታኮተ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እሷ ስትነሳ የእጇ አንጓ ተጣሞ፣ ፊቷ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ሳቁም ጸጥ አለ።

“አይሆንም!” አለች ልጅቷ ጮክ ብላ። “የአባቴ ወንበር አይወድቅም!” ተንበርክካም አግዳሚውን ገለበጠችው።

አራቱም ቀዳዳዎች ባዶ ነበሩ። ሽብልቅ ሲሰበር ግማሹ ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል፤ ይህን ያስተማራት ራሱ አባቷ ነው። ወለሉን በዓይኗ ፈለገች፤ ስባሪ የለም። ቀና ስትል መስኮቱ ላይ አየችው። እጁ ሳያስበው ኪሱ ውስጥ ገብቶ ሽብልቆቹን ጨብጧል፤ አንዷ ሽብልቅ በኪሱ አፍ ብቅ ብላለች። ራሷ ያለሰለሰቻት ናት።

“ንገሪያቸው” አላት ርዕሰ መምህሩ ላቡን እየጠረገ። “አናጢያችን አርጅቷል በያቸው። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ አያይም። ጠገንኩ ያለው ሁሉ ይፈርሳል። አሳዝኖን ነው ያቆየነው በያቸው።”

አቶ ሽብልቅ መስኮቱ ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰማ። እውነቱን ቢያፈርጠው ልጁ ትሰማለች፤ ዝም ቢል እጀ ሰባራ ተብሎ ይቀራል። ዝም አለ። ለእሷ ብሎ ነው ዝም ያለው፤ እንደደረሰችበት አላወቀም።

ልጅቷ ተረጎመች። አልተንተባተበችም፣ አንድም ቃል አልዘለለችም። እንግዶቹ ወደ መስኮቱ ዞረው በሐዘኔታ አዩት። ሴትዮዋ የተጎዳ እጇን እንዳቀፈች፣ በአገጯ ወደ እሱ እየጠቆመች ልጅቷን አጠር ያለ ነገር ጠየቀቻት። ልጅቷ አንድ ቃል መለሰችና ራሷን ነቀነቀች፤ የ“አይደለም” አነቃነቅ። ይህን ለመረዳት ቋንቋ ማወቅ አያስፈልግም።

ሴትዮዋ አገሯ ገብታ እጇ ሳይድን ለትምህርት ቤቱ ስጦታ አሰባሰበች። በሁለተኛው ወር ብረት እግር ያላቸው፣ በብሎን የታሰሩ አዳዲስ ወንበሮች በጭነት መኪና መጡ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ሽብልቅን ቢሮው ጠርቶ ወንበር እንኳ ሳያቀርብለት፣ “እንግዲህ ብረት አናጢ አይፈልግም” አለው።

ያን ዕለት የመሣሪያ ሳጥኑን ተሸክሞ ቤት ሲገባ ልጁ ታጠና ነበር። ብርጭቆ ወረቀቱን ከዚያ ሰኞ ወዲህ አልነካችውም። እሱም ሁለት ወር ሙሉ ሊጠይቃት ፈርቶ ነበር፤ አሁን ግን የሚፈራው ነገር አለቀበት።

“ያቺ ሴትዮ እኔን እየጠቆመች ምን አለችሽ?”

“‘አባትሽ ነው?’ አለችኝ።”

“አንቺስ?”

“አይደለም አልኳት። የእኔ አባት ሽብልቅ አይነቅልም።” ገጹን ገለጠች። “የቀረውን ሁሉ ዋሽቻቸዋለሁ። ይቺን ግን አልዋሸሁም፣ አባዬ።”