የወይንሸት አራት ኪሎ

ደብረ ብርሃን ነርስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አለቃዬ ሲስተር አረጋሽ በሩ አጠገብ ወዳለው ሚዛን ወስደው አንድ ሕግ አስተማሩኝ።

«ጋቢ እንዳታስወልቂ። ሳንባ ምች ካስያዝሻቸው አንቺው ታስታምሚያለሽ።»

ታኅሣሥ ነበር፤ ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሯል። ምክሩ ልክ መሰለኝ። ኪሎውን ማን ያነበዋል ብዬ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰውን ከነጋቢው፣ ከነካፖርቱ፣ ከነቦቲው ስመዝን ኖርኩ።

በኋላ አንድ ወጣት ስፔሻሊስት ተመደበልን። ጎበዝ ነው፤ ጎበዝ መሆኑን ከሁላችን ቀድሞ ያወቀው ግን ራሱ ነው። ያን ሰሞን ቫይታሚን ዲ ይዞ ነበር። ለወገብ ቫይታሚን ዲ፣ ለድካም ቫይታሚን ዲ። ሚስቱ ብታኮርፈው እንኳ የሚያዝላት ያንኑ ይመስለኛል።

ወይንሸት የመጣችው በእሱ ጊዜ፣ በታኅሣሥ ብርድ ነው፤ እንደ ልማዴ ከነጋቢዋ፣ ከነቦቲዋ መዘንኳት። የጎረቤላ ልጅ ናት፤ እዚህ ከተማችን ተድራ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች። የወር አበባዋ ለወራት ይጠፋል፣ አገጯ ላይ ፀጉር ወጥቷል፣ ሰውነቷም ጨምሯል። ካገባች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ልጅ የለም። አማቷ ለልጃቸው ሌላ ሚስት ማየት ጀምረዋል። በአልትራሳውንድ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚሉት፣ የሴት እንቁላል በጊዜው እንዳይወጣ የሚያደርገው ችግር ሆኖ ተገኘ። ቫይታሚን ዲም አንሷታል፤ ጎሕ ሲቀድ ፋብሪካ ገብታ ፀሐይ ስትጠልቅ የምትወጣ፣ እስከ ዓይኗ የተሸፋፈነች ሴት ከየት ታምጣው?

ዶክተሩ የወር አበባዋን እንዲያስተካክልላት ሜትፎርሚን የሚባለውን ክኒን አዘዘላት፤ በእግርሽ ሂጂ አላት፤ ቫይታሚኑንም ጨመረላት። ውፍረቱን የሚያረግፍልሽ ይኸኛው ነው ብሎ ቫይታሚኑን በጣቱ አሳያት።

ሚያዝያ ላይ በቀሚስና በነጠላ ጫማ መጣች። የወር አበባዋ መስተካከል ጀምሯል፤ ካርዱ ላይ ደግሞ አራት ኪሎ ቀንሳለች። ዶክተሩ ቫይታሚኑ ሠራ ብሎ አበሠራት፤ ካርዷንም በጠዋት ስብሰባ አሳየን። እሷም የሚሠራው እሱ ከሆነ ብላ ሆዷን የሚያውካትን ሜትፎርሚን ተወችው።

ታኅሣሥ ተመለሰች። የወር አበባዋ እንደገና ጠፍቷል። ከነጋቢዋ ሚዛን ላይ ወጣች፤ አራቱ ኪሎ ተመልሷል። ዶክተሩ ምን ስትበዪ ከረምሽ ብሎ ተቆጣት።

«ጾም ላይ ነኝ እኮ፣ ዶክተር» አለች እንባዋ እየመጣ። «አማቴ እኮ ዘንድሮ ካልሆነ ወደ አገርሽ ግቢ ብለውኛል።»

ያኔ ነቃሁ። ጋቢዋን፣ ካፖርቷንና ቦቲዋን አስወልቄ ለብቻቸው ሚዛኑ ላይ ከመርኳቸው። አራት ኪሎ። ሴትየዋ አልቀነሰችም፣ አልጨመረችም። የጠቀማትን መድኃኒት ያስጣላት ጋቢ ነው።

«ካርዱ ግን ቀንሳለች ይላል» አለ ዶክተሩ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱን የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ፤ ስለዚህ በእሱ ብቻ መሳቅ አልችልም።

ሜትፎርሚኑን እንደገና ጀመረች። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ቀረች። ባሏ ሌላ አግብቶ እሷ ጎረቤላ መግባቷን የፋብሪካ ጓደኞቿ ነገሩኝ።

ቫይታሚን ዲ ለጎደለው ሰው ይሰጣል። ሰው ሲመዘን ጋቢው ይወልቃል። ከበረደ በሩን መዝጋት ነው።