ጡት ያስጣለው መንገድ

ሲሃም ሞጣ ገበያ አጠገብ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ሱቁ የአማቷ የሐጂ አብዱራዛቅ ነው፤ እሳቸው ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ከያዙ ወዲህ ግን የምትከፍተውም የምትዘጋውም እሷ ነች። ባሏ ሙስዐብ ሥራ ፍለጋ ዐረብ አገር ሄዷል። ልጃቸው ሙሐመድጣሂር፣ ቤተሰቡ ጣሂር የሚለው፣ ከተጠቀለሉ ጣቃዎች መካከል ተኝቶ ነበር የሚውለው። ሲያለቅስ ደንበኛዋን አስቁማ ታጠባዋለች፤ ደንበኛውም ፊቱን አዙሮ ይጠብቃል።

ከተማው በተኩስ የታመሰ ሰሞን እናቷ ወይዘሮ ዘይዳ ከብቸና ድረስ መጡ።

«ሐጂን ይዘሽ እኛ ዘንድ ነይ» አሏት።

ሐጂ ግን ከቤታቸው አልወጣም አሉ። ሽማግሌውን ጥላ መሄድ አልሆነላትም። «እንግዲያው ልጁን ስጪኝ። ረገብ ሲል ትወስጂዋለሽ» አሉ ወይዘሮ ዘይዳ። ሲሃም አጥብታው፣ አቅፋው መናኸሪያ ድረስ ሄደችና በመኪናው መስኮት አቀበለቻቸው። ያን ሳምንት መንገዱ ተዘጋ።

መጀመሪያ ጡቷ በወተት ተወጥሮ ያማት ነበር። የጎረቤት ልጅ ባለቀሰ ቁጥር ቀሚሷ ይረጥባል። ወተቱ እንዳይደርቅ ጓዳ እየገባች በኩባያ ታልበዋለች፤ ከዚያ የት እንደምታደርገው ግራ ይገባትና ግቢው ጥግ ታፈሰዋለች። ጥቂት በጥቂት እያነሰ ሄደ። አንድ ቀን ብታልብ፣ ብታልብ፣ ምንም የለም። ሰውነቷ ልጇን የረሳ መሰላትና እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ስልክ ሲሠራ ወይዘሮ ዘይዳ ይደውላሉ። «ዳኸ!» ሌላ ጊዜ «ጥርስ አወጣ!» ይሏታል። ሲሃም ደስ ይላታል፣ አለማየቷ ግን ይቆጫታል። አንድ ጠዋት ድምፃቸው ተለወጠባት።

«ልጁን አስቀመጠው፣ ልጄ። እንደ ውኃ ነው የሚወጣው። ጤና ጣቢያ ልወስደው ነው» አሉና መስመሩ ተቋረጠ።

ደግማ ብትደውል ኔትወርክ የለም። ሱቁን ሳትዘጋ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሮጠች። ባለቤቱን ኃይለ ጊዮርጊስን ወደ ሞጣ ከተዳረች ጀምሮ ታውቃቸዋለች።

«ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ለተቅማጥ ያለውን ሁሉ ይስጡኝ!»

በውኃ የሚበጠበጠውን ለምለምና የዚንክ እንክብል አወጡላት። ከላይኛው መደርደሪያም አንድ ትንሽ ካርቶን አወረዱ። «ይኼ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ፕሮባዮቲክ ይሉታል። ሆድ ውስጥ የሚኖሩት ጠቃሚ ጀርሞች ናቸው፣ በዱቄት መልክ። ተቅማጥ ጠርጎ ያወጣቸውን ይተካል ይባላል።»

ሲሃም ካርቶኑን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ሐጂን ለጎረቤት አደራ ብላ መናኸሪያ ዋለች። መኪና የለም። በማግስቱም የለም። መንገዱ ሲከፈት በጭነት መኪና ተሳፍራ ወጣች። ደብረ ወርቅ ላይ ሾፌሩ ሊበላ ሲወርድ እሷ ከጋቢናው አልወረደችም፤ የወረደች እንደሆነ መኪናው ጥሏት የሚሄድ መሰላት።

ብቸና ስትደርስ ወይዘሮ ዘይዳ ደጃፍ ላይ ነበሩ። ጣሂር እግራቸውን ይዞ ቆሟል። ከስቷል፤ ዓይኑ ግን ሕያው ነው። ሲሃም ተንበርክካ እጇን ዘረጋች።

«ጣሂርዬ! ና፣ ና የኔ ጌታ!»

ልጁ ተመለከታትና ፊቱን በአያቱ ቀሚስ ውስጥ ቀበረ። ልታነሣው ስትሞክር ጮኸ።

«ገና ስላልጠነከረ ነው» አሉ ወይዘሮ ዘይዳ። ሁለቱም ምክንያቱ ሌላ መሆኑን ያውቁ ነበር።

በማግስቱ አብረው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ልጁን ያከመችው ሰገነት የምትባል ነርስ ሆዱን ዳስሳ፣ ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጋ አየችና ፈገግ አለች። «ድኗል። እናትሽ ለምለሙን በማንኪያ፣ በማንኪያ እየሰጡት ነው የተረፈው። ዚንኩን ግን ተቅማጡ ቆመ ብላችሁ እንዳታቋርጡት።»

ሲሃም ካርቶኑን አውጥታ ሰጠቻት። «ይኼንንስ፣ ሲስተር?»

ሰገነት ጽሑፉን አነበበችው። «አንዳንድ ጥናት ተቅማጡን በጥቂቱ ያሳጥራል ይላል፣ ሌላው ደግሞ ለውጥ አላየንም ይላል። አሁን አያስፈልገውም። በውስጡ ፕሪባዮቲክም አለበት፤ የነዚያ ጀርሞች ምግብ ማለት ነው። እሱ በእናት ጡት ወተት ውስጥም ሞልቷል። ጡት ይጠባል አይደል?»

ወይዘሮ ዘይዳ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ደርቋል» አለች ሲሃም።

ሰገነት ካርቶኑን ቀስ ብላ መለሰችላት። «አንዳንዴ ይመለሳል። ልጁ ደጋግሞ ከጠባ።»

ሲሃም ብቸና ሰነበተች። ልጁን አጠገቧ አስተኝታ ጡቷን ታቀርብለታለች፤ እሱ እንደ እንግዳ ነገር አይቶ በጣቱ ይነካና ወደ አያቱ ይድሃል። አንድ ከሰዓት እንቅልፍ ሲያሸንፈው ደረቷ ላይ ወደቀ፤ አፉም በእንቅልፍ ልቡ ፈልጎ ያዘ። ጥቂት ሳበ። ሲሃም ትንፋሿን ዋጠች። የወጣ ነገር አልነበረም። ልጁ ለቀቀና ፊቱን አዞረ፤ እሷ ግን ክንዷ እስኪደነዝዝ እንደዚያው ሆና ቆየች።

ከዚያ ሐጂ ባሰባቸው ተባለ። ልጁ ይጠንክር ተብሎ እዚያው ቀረና እሷ ብቻዋን ተመለሰች።

ሐጂ ክረምቱን ሳይጨርሱ ዐረፉ። መንገዱ ደህና ሲሆን ልጇን ወደ ሞጣ አመጣችው። አሁን ይሮጣል፤ ጣቃዎቹን እየገለበጠ ሱቁን ያምሰዋል። እሷን «ሲሃም» ይላታል። «እማ» የሚላት አያቱን ነው። ሲሃም አላረመችውም። ማታ ስታስተኛው አንዳንዴ ተሳስቶ «እማ» ቢለኝ ብላ ጠጋ ትላለች።

ትናንት ወይዘሮ ዘይዳ ደውለው ነበር።

«ያስታውሰኛል?» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሲሃም ስልኩን ለልጁ ሰጠችው። «ጣሂር! የኔ አንበሳ!» የሚለውን የአያቱን ድምፅ ሲሰማ ልጁ ተነሥቶ ቆመ። ስልኩን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ስልኩን እንደያዘ ወደ በሩ ሮጠ፣ ወጥቶ መንገዱን ግራና ቀኝ ተመለከተ። «እማ!» ብሎ ጠራ። ሁለቱም ሴቶች፣ አንዷ ደጃፉ ላይ፣ አንዷ በስልኩ ውስጥ፣ ሰሙት።